በር ላይ ያልነበረው ጫማ

ደብረ ታቦር ውስጥ ሳይክል ያለው ሰው ሁሉ ያውቀኛል። ግትር ነው ይሉኛል፤ አልዋሹም። የዛሬ ዕቃ በድሮ ሳይክል ላይ የሚገጥም ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ይህ ጠባይ ከየት እንደመጣብኝ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ለደንበኞቼ ስነግራቸው ነገሩ ጫማው ላይ ሲደርስ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ያን ሰዓት ግን ሳቅ በአጠገቤ አላለፈም።

ከአባቴ ልጀምር። አባቴ የክትባት ሠራተኛ ነበሩ። ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ አንድ የውጭ ድርጅት ለክትባት ሠራተኞች ተራራ የሚወጣ፣ እኛ «ማውንቴን» የምንለውን ሳይክል አደለ። የአባቴ ጥቁር አረንጓዴ ነበር። መሪው ላይ በአውራ ጣት የሚገፋ ማርሽ መቀየሪያ አለው፤ ሲገፋ «ቀጭ» ይላል። የጉና ዝናብ ጣታቸውን እያንሸራተተ ሲያስቸግራቸው አባቴ በሞረድ ሦስት ቦታ ቆረጥ ቆረጥ አደረጉት። ክትባቱን በጀርባቸው አዝለው ዳገቱን ሲወጡ ያ «ቀጭ፣ ቀጭ» ከሩቅ ይሰማል፤ የመንደሩ ልጆችም መርፌ መጣ ብለው ገብስ ውስጥ ይገባሉ። አባቴ ይህን ሲያወሩ እንባቸው እስኪመጣ ይስቁ ነበር።

ጡረታ ሲወጡ ሳይክሉን ለእኔ ሰጡኝ። «አስናቀ፣ እንዳለ አስቀምጥልኝ» አሉኝ። ያን ጊዜ የጥገና ሱቄን ገና መክፈቴ ነበር። የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ ሥራ ጠፋ፤ ሰው በጭቃ ሳይክል አይነዳም። መጀመሪያ ፍሬኑን ፈትቼ ሸጥኩ። ቀጥሎ ኮርቻውንና ፔዳሉን፣ ቀጥሎ የፊት ቸርኬውን። በመጨረሻ ማርሽ መቀየሪያውን አንበሳሜ ከተማ ወስጄ አሮጌ ዕቃ ለሚገዙ ለሐጂ እንድሪስ ሰጠኋቸው። የቀረውን አጥንት በሸራ ሸፍኜ ከሱቁ ጓዳ አቆምኩት። አባቴ በየጊዜው «ሳይክሌ እንዴት ናት?» ይሉኛል። «ደህና ናት አባባ» እላለሁ። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

ከዚያ ዓይናቸው ታመመ። የዓይን ግፊት ነው ተባለ። አንዱ ጨርሶ ጠፋ፣ ሌላው በቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ሆነ። ጎንደር ያለው ሐኪም ለቀዶ ጥገና ቀጠሮ ሰጣቸውና አልደበቃቸውም፤ ሊያተርፈውም ይችላል፣ የቀረውንም ሊወስደው ይችላል አላቸው። አባቴ ሲመለሱ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ከመሄዴ በፊት ሳይክሌን ልያት።»

ቀጠሮው አራት ወር ይቀረው ነበር። ያን አራት ወር እንቅልፍ አልነበረኝም። አዲስ ዕቃ መግጠም አይሆንም፤ አባቴ ያቺን ሳይክል ከእጃቸው መዳፍ ይበልጥ ያውቋታል። ስለዚህ ከዚያው ዓመት፣ ከዚያው ጭነት የመጡትን ሳይክሎች እያሳደድኩ ዕቃ መልቀም ጀመርኩ። ፍሬኑን ይፋግ ካሉ ጡረተኛ የክትባት ሠራተኛ አገኘሁ። የፊት ቸርኬው ጋፋት አንድ ገበሬ ቤት የጉድጓድ ውኃ መሳቢያ ሆኖ ነበር፤ ሰውየው ሌላ መሳቢያ ካላበጀህልኝ ብሎ ሁለት ቀን አሠራኝ። ኮርቻውም፣ ፔዳሉም፣ አንድ በአንድ ተገኘ። የቀረኝ ማርሽ መቀየሪያው ነበር። እሱን ከሌላ ሳይክል ማምጣት አይቻልም። ሦስቱ የሞረድ ምልክት ያለበት በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው።

ሐጂ እንድሪስን ሁለት ጊዜ ሄጄ አጥቻቸዋለሁ። በሦስተኛው አገኘኋቸው፤ ቀኑ ግን የመጨረሻው ቀን ነበር። አባቴ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጎንደር ይሄዳሉ። በመጀመሪያው ሚኒባስ ተነሣሁ፤ የት እንደምሄድ ለማንም አልተናገርኩም። ለአባቴ ምን ብዬ ልንገራቸው?

ሐጂ ረጅም፣ ነገር የማይረሱ ሰው ናቸው። ሱቃቸው ውስጥ ስልኬን ቻርጅ ላይ አድርገው ወደ ግቢያቸው ይዘውኝ ሄዱ። ዕቃ ቤቱ ከግቢው ጥግ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። ከበሩ እንደተገባ የሚሰግዱበት ምንጣፍ ስለተነጠፈ ማንም ጫማውን ከውጭ ያወልቃል። ሁለታችንም ጥቁር የላስቲክ ቦቲ ነው ያደረግነው፤ በክረምት ሌላ የሚያደርግ የለም። አወለቅን። ሐጂ ከውጭ ያለውን ማብሪያ ጫኑና አምፖሉ በራ።

«ያንተ ዕቃ አልተሸጠም» አሉኝ። «ማን ይገዛዋል? ከኋላ፣ ከጎማዎቹ ሥር ካርቶን አለ። ፈልግ።»

ገና መፈለግ ስጀምር ከውጭ አንድ ሰው እየሮጠ ተጣራ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ መንደር የሚኖሩ ሼህ አርፈዋል። ሐጂ «ኢና ሊላሂ» አሉና ወደ በሩ ዞሩ። «አንተ ፈልግ። ሳልመለስ ካገኘኸውም ይዘህ ሂድ፤ በኋላ እንነጋገራለን» ብለውኝ ወጡ። መኪና ሲነሣ ሰማሁ። ከዚያ ሌላ መኪና። ቀብር ሲጠራ ሱቅ እንደሚዘጋ፣ ሰፈር ባዶ እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፤ እኔ ግን ሐሳቤ ካርቶኑ ላይ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ አምፖሉ ጠፋ።

እዚህ ላይ ነው የተሞኘሁት። መብራት ሲጠፋ እኛ አገር ማን ይደነግጣል? «ሄደ ደግሞ!» ብዬ በልቤ ተሳደብኩና በዳበሳ ቀጠልኩ። አንድም ቃል ጮክ ብዬ ብናገር ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ከቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ በምትገባ ብርሃን ጎማ አነሣለሁ፣ ካርቶን እጎትታለሁ። አሮጌ ፔዳል፣ የተጠማዘዘ ሽቦ፣ የመብራት ዲናሞ። ከዚያ አውራ ጣቴ አንድ ብረት ላይ አረፈ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሁለተኛው ቁርጥ ጠለቅ ያለ ነው። ገፋሁት። «ቀጭ» አለ።

ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ኪሴ ከትቼ ወደ በሩ ሄድኩና ገፋሁ። አልተከፈተም። ደግሜ ገፋሁ። ከውጭ የቁልፍ ጓጉንቸር ተንኳኳ።

በኋላ እንደተረዳሁት የሆነው ይህ ነው። ሐጂ በጥድፊያ የእኔን ቦቲ አጥልቀው ሄደዋል። ባለቤታቸው ለቀብሩ ሲወጡ በሩ ላይ ያገኙት አንድ ጥንድ ቦቲ ብቻ፣ የባላቸውን ነው። ባላቸው ሌላ ጫማ አድርገው ሄደዋል ብለው አሰቡና ቦቲውን ወደ ቤት አስገቡት። የእንግዳ ጫማ ስለሌለ እንግዳው ሄዷል። መብራቱን አጠፉ፣ በሩን ቆለፉ። እኔ ይህን አላውቅም። የማውቀው በካልሲ ጨለማ ውስጥ መቆሜን ነው።

ተጣራሁ። «ሐጂ! እመቤት! የሰው ያለህ!» ማንም የለም። ስልኬ ሱቁ ውስጥ ቻርጅ ላይ ነው። በሩን በእጄ፣ ከዚያ በትከሻዬ መታሁት። ከዚያ ዝናቡ መጣ። ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የራስህ ድምፅ እንኳ ለጆሮህ አይደርስም። እስኪደክመኝ ጮህኩ። ጉሮሮዬ ሲደርቅ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ።

ከመስጊዱ የቀትር አዛን ተሰማ። ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። ወደ ደብረ ታቦር የመጨረሻው ሚኒባስ አሥር ሰዓት ላይ ይወጣል። የለቀስተኛ ቤተሰብ ደግሞ እዚያው ሊያድር ይችላል። አባቴ አሁን ሻንጣቸውን አጠገባቸው አድርገው በር በሩን እያዩ እንደሚጠብቁኝ አውቃለሁ። ነገ ጎህ ሲቀድ ሳይክሏን ሳያዩ ይሄዳሉ፤ ምናልባት ዳግመኛ አያዩም። ግድግዳው ሲጠብብኝ፣ አየሩ ሲያንሰኝ ተሰማኝ። ቆርቆሮው ላይ አፌን ለጥፌ በሚስማር ቀዳዳ ተነፈስኩ።

ዝናቡ ጋብ ሲል ከወለሉ የብረት ቱቦ ፈለግኩና የኋላውን ቆርቆሮ ጠርዝ መገንጠል ጀመርኩ። አንዱ ሚስማር ሲነቀል ጮኸ። ሁለተኛውን ስጀምር እጄ ቆመ። ሰፈሩ ሁሉ ቀብር ሄዷል። በዚህ ሰዓት ከሐጂ ዕቃ ቤት ግድግዳ ቀዶ የሚወጣ እንግዳ ማን ነው ይባላል? በዚያ ላይ ኪሴ ውስጥ የሐጂ ዕቃ አለ።

ይህን እያሰብኩ ሳለ ከቆርቆሮው ማዶ የሴት ድምፅ መጣ።

«ማነህ አንተ?»

ያሮጊት ድምፅ ነው። በደስታ ልሞት ነበር። «እናቴ፣ ተቆልፎብኝ ነው! ያስከፍቱልኝ!»

«ሐጂ ለቅሶ ናቸው። ባለቤታቸው ለቅሶ ናት። እኔ ጉልበቴ ባይዘኝ ለቅሶ ነበርሁ። አንተ እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«ሐጂ ናቸው ያስገቡኝ። የሳይክል ዕቃ ስፈልግ ነው የተቆለፈብኝ።»

«ቆይ» አሉ። በጭቃው ላይ ቀስ ብለው ወደ በሩ ሲዞሩ፣ ቀስ ብለው ሲመለሱ ሰማሁ።

«በር ላይ ጫማ የለም።»

«አለ እናቴ! ጥቁር ቦቲ!»

«ዓይኔ ደህና ነው። ጫማ የለም። ሐጂ ያስገቡት ሰው ጫማውን በር ላይ ያወልቃል።»

«አውልቄያለሁ! በካልሲ ነኝ!»

«ታዲያ ጫማህ እግር አውጥቶ ሄደ?»

አሮጊቷ እትዬ ፋጡማ እንደሚባሉ ያወቅሁት በሚቀጥለው ደቂቃ ነው፤ «ኧረ የሰው ያለህ! ሌባ!» ብለው ሲጮኹ «ምን ሆኑ እትዬ ፋጡማ?» እያሉ ከቀብሩ ቀድመው የተመለሱ ሦስት ጎልማሶች ደረሱ። ዱላቸው ቆርቆሮውን ሲመታው ወደ መሐል ሸሸሁ።

«ቁልፉን ሰብረን እናውጣው» አለ አንዱ።

«ግድግዳውን ሲቀድ አይደል ያገኙት?» አለ ሌላው።

ማርሽ መቀየሪያውን ከኪሴ አወጣሁ። ወደ ክምሩ ልወርውረው? ከወረወርኩት በዚያ ጨለማ መልሼ አላገኘውም። ከያዝኩት ደግሞ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባ ነኝ። ጨብጬው ቀረሁ።

«ተዉ!» አሉ እትዬ ፋጡማ። «ሐጂ ሳይመጡ ማንም አይነካውም። ሰው ቀብሮ የሚመለስ ሰው ደጁ ላይ ደም ይጠብቀው? እኔ እጠብቀዋለሁ።»

ድንጋይ ነገር ሲጎትቱ ሰማሁ። ከግድግዳው ማዶ፣ ከጣሪያው ክፍክፍ ሥር ተቀመጡ። በመካከላችን አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

«በል ንገረኝ» አሉ። «ምን ልትሰርቅ ነው የመጣኸው?»

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ለማንም፣ ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልተናገርኩትን ለማላያቸው ሴት አፈሰስኩት። የአባቴን መርፌና ዳገት፣ ሸራውን፣ «ደህና ናት አባባ» ማለቴን፣ ፍሬኑን፣ ኮርቻውን፣ የነገውን ቀጠሮ ነገርኳቸው። መሐል ላይ አለቀስኩ። እሳቸው አላቋረጡኝም።

«አባትህ ይህን ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«ዛሬ ሳይክሉን ገጥመህ፣ ምንም እንዳልሆነ አድርገህ ልታሳያቸው ነው?»

እቅዴ እሱ ነበር።

«ሌባ መሆንህን አውቄ ነበር» አሉ እትዬ ፋጡማ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጎልማሶቹን ጠሩ። «ሂዱ፣ ዝናቡ ሳይመለስ ተጠለሉ። ይሄ የአባቱ ሌባ ነው፤ የሐጂ አይደለም።»

«በምን አወቁ?» አላቸው አንዱ።

«የሐጂ ሌባ ቢሆን ይሄን ሁሉ አይነግረኝም ነበር። ሌላ ውሸት አያጣም።» ወደ እኔ ተመለሱ። «ስትወጣ ለአባትህ ትነግራቸዋለህ?»

«እነግራቸዋለሁ።»

«ዓይናቸውን ከመሠራታቸው በፊት?»

«ዛሬውኑ። በጊዮርጊስ!»

«እንግዲህ ጊዮርጊስም ሰምቶሃል፣ እኔም ሰምቼሃለሁ።»

ከዚያ ብዙ አላወራንም። እሳቸው ግን አልሄዱም። ዝናቡ ዳግመኛ ሲወርድም አልሄዱም፤ አልፎ አልፎ «አለህ?» ይሉኛል፣ «አለሁ» እላለሁ። የዐስር ሶላት አዛን ሲሰማ፣ አሥር ሰዓት ሊሆን ነውና፣ ሚኒባሱን በልቤ ሸኘሁት።

አዛኑ ካለፈ በኋላ ብዙም ሳይቆይ መኪና ግቢው ፊት በኃይል ቆመ፣ ሰው ሮጠ፣ ጓጉንቸሩ ተከፈተ። ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ። ሐጂ እንድሪስ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ተሰብስቦ፣ ባዶ እግራቸውን ጭቃ ውስጥ ቆመዋል። ሁለቱ ቦቲዎቼ በእጃቸው ናቸው።

«ልጄ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ!» አሉ። «መስጊድ ልገባ ሳወልቅ ይሄን አየሁት!»

ተረከዙ ላይ ያለውን ቀይ ልጣፍ አሳዩኝ። ቦቲዬ ሲቀደድ ከካላማዳሪያ፣ ከጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ በተቆረጠ ልጣፍ የምደፍነው እኔ ራሴ ነኝ፤ አንበሳሜ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ጫማ ያለው የለም። ሐጂ ያን ልጣፍ እንዳዩ ከዕቃ ቤቱ አለመውጣቴ ገብቷቸዋል። በክረምት ጫማውን ትቶ የሚሄድ ሰው የለም። የሰው ጫማ ዳግመኛ ማጥለቅ አፍረው፣ ከመኪናው እስከ በሩ በባዶ እግራቸው ሮጠዋል።

«አገኘኸው?» አሉኝ። መዳፌን ዘረጋሁ። ሦስቱ ቁርጦች ሥጋዬ ላይ ታትመው ነበር። ዋጋውን ስጠይቃቸው ተቆጡ። «ጫማህን ሰርቄ ዕቃ ልሸጥልህ?» አሉና ስልኬን ከሱቃቸው አስመጥተው፣ ለቀስተኛ ያመላለሰውን የአይሱዙ ሾፌር ደብረ ታቦር እንዲያደርሰኝ አዘዙት። እትዬ ፋጡማን ያን ጊዜ አየኋቸው። አጭር፣ ጥላ የያዙ፣ ቀሚሳቸው እስከ ወገባቸው የራሰ ሴት ናቸው። ላመሰግናቸው ጠጋ አልኩ። እሳቸው ግን «ሂድ፣ ይመሽብሃል» ብቻ አሉኝ።

ቤት ስደርስ ፀሐይ ልትገባ ትንሽ ቀርቷታል። ሳይክሏን ከሱቅ ወደ ግቢ ገፋሁ፣ መቀየሪያውን መሪው ላይ አሰርኩ፣ ሽቦውን ወጠርኩ። አባቴን ክንዳቸውን ይዤ አወጣኋቸው። ፊታቸውን ወደ ብረቱ አስጠግተው ከፊት ጎማ ጀምሮ ቀስ እያሉ ተመለከቱ። አውራ ጣታቸው መቀየሪያውን ፈልጎ አገኘ።

«ቀጭ።»

«እንዳለች ናት» አሉ። ፊታቸው በራ። «ልጄ፣ እንዳለች አስቀመጥክልኝ።»

ዕቃ ቤት ውስጥ ከተቆለፈብኝ ሰዓታት ሁሉ ያቺ ደቂቃ ከበደችኝ። በሩ በራሴ እጅ ነበር፤ ዝም ብል ማንም አያውቅም። ውስጤ ዝም በል አለኝ። ለአንድ ምሽት ደስ ይበላቸው አለኝ።

«አላስቀመጥኳትም አባባ» አልኩ። «ሸጬያት ነበር።» ሁሉንም ነገርኳቸው።

አውራ ጣታቸው ከመቀየሪያው አልተነሣም።

«ፍሬኑንም?»

«ፍሬኑንም።»

«ኮርቻዋንም?»

«እሷንም አባባ።»

«ተናድጃለሁ፣ አስናቀ» አሉ።

«አውቃለሁ አባባ።»

«ከጎንደር ስንመለስ እቆጣሃለሁ። አሁን ብርሃኑ ሳይሄድ ልያት። ና፣ የትኛው ከየት እንደመጣ ንገረኝ።»

አንድ በአንድ ነገርኳቸው። የጉድጓድ መሳቢያው ቸርኬ ላይ ስንደርስ ሳቁ። የዕቃ ቤቱንና የጫማውን ነገር ስነግራቸውማ ኮርቻዋን ተደግፈው ነበር የሚስቁት። ጨለማው ሲወርድ እዚያው ነበርን።

ቀዶ ጥገናው አልያዘም። አባቴ ከዚያ ሳምንት ወዲህ ብርሃን አላዩም። ቁጣውን እስከ ዛሬ እየጠበቅሁ ነው፤ አልመጣም። አሁን ጠዋት ጠዋት ሱቄ ይመጣሉ፤ ሳይክላቸው አጠገብ ይቀመጣሉ። የደንበኛ ሳይክል አንጠልጥዬ ማርሽ ስቀያይር «ሦስተኛው ላይ ያንሾካሹካል፣ ሽቦውን ላላ አድርገው» ይሉኛል። ልክ ናቸው። ከማንም ሳይክል የፈታሁትን አሮጌ ዕቃ ሁሉ የባለቤቱን ስም ጽፌ በከረጢት አኖራለሁ፤ ባይፈልገውም እሰጠዋለሁ። ግትር የሚሉኝ ለዚህ ነው።

አንባቢዎቼ፣ እናንተም ጓዳ ውስጥ ሸራ ያለበሳችሁት ነገር ይኖር ይሆናል። በየጊዜው «ደህና ነው» የምትሉት። እኔ ሸራውን ለመግለጥ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ መቆለፍና በሌባነት መያዝ አስፈልጎኛል፤ ዓይን ያለው ሰው ጊዜ እያለው ቢገልጠው ይሻለዋል እላለሁ። የሚያስፈራው ነገር ካሰብኩት አነሰብኝ፤ የዘገየሁት ግን ይቆጨኛል።

ከጎንደር በተመለስን በሁለተኛው ወር አንበሳሜ ሄድኩ። የእትዬ ፋጡማን በር አንኳኳሁ። ከፈቱልኝ፣ ከራስ ጠጉሬ እስከ እግሬ አዩኝ። ደህና ነህ ወይ አላሉም።

«ነገርካቸው?»

«ነገርኳቸው፣ እናቴ። የዚያኑ ዕለት።»

ከበሩ ዘወር ብለው መንገድ ለቀቁልኝ። ጎንበስ ብዬ ቦቲዬን ማውለቅ ጀመርኩ።

«ግባ፣ ልጄ» አሉ። «ጫማህን ግን በእጅህ ይዘኸው ግባ።»